ጥሩምባዬና ያላመመኝ በሽታ

የሮቤ ሰው እኔን ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው። ባዶ ከሆነ "እንደምን አደሩ" ይለኛል። ባዶ ካልሆነ ሰላምታውን ይተወውና "ማን ነው?" ይላል። የእድር ጥሩምባ ነፊ ነኛ። ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ስወጣ እንኳ ዘንቢሌን ከጀርባዬ ከያዝኩት ሻጯ ትደነግጣለች። አንዷማ አንድ ቀን፣ "አባባ፣ እርስዎ ሲመጡ ገዢው ይሸሸኛል፤ ከዚያኛዋ ቢገዙ ምን አለ?" ብላኛለች። አልተቀየምኳትም። እውነቷን ነው። ሃያ ስንት ዓመት ሙሉ ለአንድም ሰው የምሥራች ነፍቼ አላውቅም።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬ፣ ስሜን መጻፍ ስችል "ይበቃኛል" ያልኩ ሰው ነኝ። ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነውና እናንተም ቀስ እያላችሁ አንብቡልኝ። ለጥሩምባ ፊደል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሳንባ ነው፣ ከንፈር ነው፣ በጧት መነሳት ነው። የሮቤን ብርድ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። በኅዳር ጧት ያንን የናስ አፍ ከንፈራችሁ ላይ ብታደርጉት ይዟችሁ ይቀራል። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ከጋቢዬ ሥር ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ አሞቀዋለሁ። ባለቤቴ ዘነበች፣ "እኔን እንኳ እንደሱ አቅፈኸኝ አታውቅም" ትለኛለች። ጥሩምባዬን ጠበቅ አድርጌ አቅፌ እወጣለሁ።

አንድ ኩራት ነበረኝ፤ ታምሜ አላውቅም። ራስ ምታት የሚባለውን ከሰው አፍ ነው የምሰማው። ከእድር ቤት ተነስቼ እስከ መናኸሪያው ማዶ እየነፋሁ ስዞር፣ አብረውኝ የሚወጡት ጎረምሶች ያለከልካሉ፤ እኔ ግን አፌን ለጥሩምባው፣ እግሬን ለመንገዱ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ደም ብዛት የሚሉትን ነገር ደግሞ ወንበር ላይ የሚውል፣ ሥጋ የሚያማርጥ፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው በሽታ ነው ብዬ አምን ነበር። እንደኔ ያለ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት ተጨማሪ ቀዳዳ የበሳ ሰው ደም ብዛት ከየት ያመጣል?

ነገሩን ያመጣችው ሲስተር ጫልቱ ናት። ሲስተር ጫልቱ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፤ የሪራ መንደር ልጅ። ሃረና ጫካ ውስጥ ያደገ ሰው ድምፁን ማንሳት አይወድም መሰለኝ፣ ስትናገር ጠጋ ካላልክ አትሰማትም። አንድ እሑድ የእድር ስብሰባችን ላይ መጣችና እጇን አጣምራ ቆመች።

"አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የደም ግፊት ምንም ሳያም ውስጥ ለውስጥ ነው የሚጎዳው። ቅዳሜ እድር ቤታችሁ መጥቼ ልለካችሁ" አለች።

አጨበጨብን። የእድራችን ዳኛ ተፈራ፣ እኩያዬ ነው፣ "ሁላችሁም ትመጣላችሁ" አለ። "እንመጣለን" አልን።

ቅዳሜ ማንም አልመጣም። ሲስተር ጠረጴዛዋን ዘርግታ፣ መለኪያዋን አስቀምጣ እስከ ቀትር ጠበቀች። ነፋስ የሸሸ አንድ ውሻ ብቻ ገብቶ እግሯ ሥር ተኛ፤ እሱም ሳይለካ ወጣ። እኔ ራሴ በደጁ ሁለቴ አልፌያለሁ። ለምን አልገባህም ብትሉኝ ምን ልበል? ያላመመውን ሰው ምኑን ይለኩታል? ደግሞ በሽታ እንደ እንግዳ ነው፤ በር ከፍተህ "አለህ ወይ?" ካልከው "አለሁ" ብሎ ይገባል። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያስበው እንዲህ ነው።

ተፈራ ግን ተናደደ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

"የሚመጣው ቅዳሜ ልጅቷ ትመለሳለች። ጥሩምባ ንፋ።"

"ጥሩምባ እኮ ለሞተ ሰው ነው" አልኩት።

"ቃሉን ለውጠህ ንገራቸው። አፍ የለህም?"

"አፍማ አለኝ።"

"እንግዲያው ንፋ። የእኛ ሰው ለሚኖርበት ነገር ሲጠሩት አይሰማም። ጥሩምባ ካልሰማ ከቤቱ አይወጣም።"

ሳምንቱን ሙሉ ቃሉን ሳጠና ሰነበትኩ። ዶሮዎቼ ፊት እቆምና፣ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጫልቱ እድር ቤት ሆና የደም ግፊት ስለምትለካ፣ ውጣና ተለካ" እላለሁ።

ዘነበች ከጓዳ ሆና፣ "'ከዚህ ዓለም በሞት' እንዳትል ብቻ" ትለኛለች።

"አልልም።"

"ለምዶብሃል።"

"አልልም አልኩሽ።"

አላልኩም። ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ቅዳሜ ፀሐይ ብቅ ስትል ወጣሁ፣ በየማዕዘኑ ቆሜ ነፋሁ፣ ቃሉንም አንድ ሳላጎድል ተናገርኩ። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ያንን ድምፅ ዕድሜ ልኩን ለሞት ብቻ ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ጥሩምባው ገና ሲጀምር ነጠላውን ይስባል እንጂ ቆሞ ቃል አይጠብቅም። እኔ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ስል ጫማቸውን አጥልቀዋል። "ሲስተር ጫልቱ" ስል በራቸውን ቆልፈዋል። "ውጣና ተለካ" የሚለውን የሰሙት ዶሮዎቼ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቀድመው ያውቁታል።

ዙሬን ጨርሼ ወደ እድር ቤት ስመለስ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል። ከኋላ በኩል የንፍሮ ድስት ተጥዶ ይፈላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። መካከላቸው ሲስተር ጫልቱ ከነጠረጴዛዋ አለች፤ የሚገባው ሰው ሁሉ እጇን እየጨበጠ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ይላታል። ከፊት የተቀመጠችው እሷ ስለሆነች የሟች ልጅ መስላቸዋለች። እሷም ጨዋ ናትና ግራ እየገባት "አሜን" ትላለች።

መቃብር ቆፋሪዎቻችን ደግሞ ዶማና አካፋቸውን ይዘው መንታ መንገዱ ላይ ቆመዋል። እድራችን የክርስቲያኑም የእስላሙም ነውና አንዱ እየሮጠ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ወደ እስላም መቃብር? መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቶሎ እንጀምር" አለኝ።

"ትንሽ ቆዩ" አልኩት።

ያን ጊዜ ነበር "ማንም አልሞተም" ማለት የነበረብኝ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ቁርሱን ትቶ፣ ፊቱን አሳዝኖ መጥቷል። "ሟች የለም፣ ሂዱ" ማለት ሠርግ ጠርቶ ሙሽራ የለችም እንደ ማለት ሆነብኝ። ጥሩምባዬን ከጋቢዬ ሥር ሸሸግኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። ከሞኝነቴ ሁሉ የላቀው ይኸኛው ነው። እኔ ዝም ስል ሰዉ ሟቹን በራሱ ይፈልግ ጀመር።

"ማን የለም?" ተባባሉ። "ዘነበች ያቻት፣ ከመንገድ ማዶ እየመጣች ነው። ባሏም ከኋላ አለ። ተፈራ እየመጣ ነው። ከድርስ?"

ከድር የለም።

ከድር ባለ ጋሪ ነው፤ ጎረቤቴም ጓደኛዬም። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ጨው ከፈረሱ እኩል ይልሳል እያልን እንቀልድበታለን። ከድር ከለቅሶ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ግን እሱም የለ፣ ጋሪውም በቦታው የለ።

"ትናንት እኮ ደህና ነበር" አለች አንዷ።

"የዘንድሮ ሞት እንዲህ ነው፤ ሳይታመሙ" አለች ሌላዋ።

ሦስተኛዋ አልጠበቀችም። "ወይኔ ከድር፣ ፈረስህን ለማን ጥለህ ሄድክ" ብላ ለቀቀችው። ድንኳኑ ተቀበላት። እኔ "ኧረ ወፍጮ ቤት ይሆናል" ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ማንም እንዳልሞተ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ አልነበረም፤ ግን ለቅሶ እንደ ማዛጋት ይጋባል። ደግሞም ከድር ቢሞት እንዴት እንደምሆን አስቤ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ።

በዚህ መሐል ከድር ከወፍጮ ቤት ዱቄት ጭኖ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ፈረሱን አቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ዱቄት እንደለበሰ፣ "ኤኙ ዱኤ? ማን ሞተ? ምነው ሳልሰማ?" እያለ እያነባ ገባና ያቺ ለቅሶውን የጀመረችው ሴት አጠገብ ተቀመጠ። ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋን ቀስ አድርጋ ቀነሰች።

"አንተ ነህ እንዴ?" አለችው።

"እኔ ምን?"

"የሞትከው።"

ከድር ትንሽ አሰበ። "እኔ አልሰማሁም" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲጠያየቁ ነገሩ እኔ ጋ ደረሰ። "በሞት ይቀለዳል?" አለኝ አንዱ። "እኔ ሊጥ ጥዬ ነው የመጣሁት" አለች ሌላዋ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን እንደያዙ ገብተው ሲያዩኝ፣ እውነት ለመናገር ጉድጓዱን ለማን እንደሚያስቡት አልጠየቅኳቸውም። ተፈራ "እኔ ነኝ ንፋ ያልኩት" ይላል፤ ማን ይስማው። ሰዉ ይነሳ ጀመር። ሲስተር ጫልቱ፣ "መጥታችሁ የለም፣ አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ" ትላለች፤ እሷንማ ጭራሽ የሚሰማ የለም። ሁለተኛ ቅዳሜዋ ነው። ሰዉ በሙሉ አጽናንቷት፣ ሳይለካ ጥሏት ሊሄድ ነው። አሳዘነችኝ።

ተነሳሁና እጅጌዬን ሰብስቤ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጥኩ። "ቆዩ እስቲ" አልኩ። "እኔን ትለካኝና እዩ። አይወጋም፣ አይቆርጥም። ከጤነኛ ሰው እንጀምር።"

ከድር ከኋላ ሆኖ፣ "ልኪው ሲስተር፣ ደም ካለው" አለ። ሰዉ ሳቀ። ሲስቅም መሄዱን ትቶ ቆመ።

ያንን ጨርቅ ክንዴ ላይ አሰረችው። ጨርቁ ተነፋ፣ ጨመቀኝ፣ ተነፈሰ። ቁጥሩን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"አባባ፣ ትንሽ ይረፉ፤ እግርዎን ዘርግተው፣ ሳያወሩ።"

ዐረፍኩ። ደግማ ለካች። ሌላኛውን ክንዴን ጠየቀች። "ይኸኛው የተሻለ ነው" ብዬ ሰጠኋት። አሁንም ቁጥሩን አየች፣ አሁንም እኔን።

"ራስዎን ያምዎታል?"

"የለም።"

"ደረትዎን? ዓይንዎን ይጋርድዎታል? አንድ ጎንዎ ይደነዝዛል?"

"ምንም።"

ጠጋ ብላ ቁጥሩን በጆሮዬ ነገረችኝ። ይህች ልጅ ሁሉንም ነገር ታውቃለች፤ የማታውቀው አንድ ነገር ነው። እኔ ሃያ ስንት ዓመት የኖርኩት በጆሮዬ የተነገረኝን ለሕዝብ እየጮህኩ ነው። የእድሩ ጸሐፊ የሟቹን ስም በጆሮዬ ይነግረኛል፣ እኔ በየማዕዘኑ እናገራለሁ። በጆሮዬ የገባ ነገር በአፌ ለመውጣት እኔን አያስፈቅደኝም።

"ሁለት መቶ አስር በመቶ ሃያ?" አልኩ፣ እስከ መንታ መንገዱ በሚሰማ ድምፅ።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የሲስተርን ፊት ግን ያልተማረውም አነበበው።

"ምን ማለት ነው ልጄ?" አለቻት ዘነበች።

"በጣም ከፍተኛ ነው እናቴ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።"

እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ለለቅሶ ተዘጋጅቶ መጥቶ ሟች ያጣ ሰው ነው። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ያቺ ለከድር ያለቀሰችው ሴት ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት።

"እኔ ደህና ነኝ" አልኩ። "ደህና ነኝ ነው የምላችሁ።"

ማንም አላመነኝም። ጥሩው ነገር፣ ራሱንም ያመነ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሰልፉ እስከ ደጅ ወጣ። ንፍሮው እየታደለ፣ አንዱ እየቆረጠመ፣ አንዱ ክንዱን እየዘረጋ ሲለካ ዋለ። ሲስተር ጨው ይቀነስ ስትል ንፍሮ ያፈላችው ሴትዮ "እኔ ምን ላድርግ፣ ለሞተ መስሎኝ ነው የጨመርኩት" አለች። ሲስተር የእያንዳንዱን ቁጥር ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ አንዳንዱን በቀይ ትከበዋለች። አጠገቧ ተቀምጬ ቀዩ ሲበዛ አየሁ። ባለሱቋ በቀይ። አስተማሪው በቀይ። ያ "መሬቱ ደረቅ ነው" ያለኝ ጉልበታሙ መቃብር ቆፋሪ በቀይ። ሁሉም "ደህና ነኝ" ብሎ ይቀመጣል፣ ሁሉም "ምንም አይለኝም እኮ" ብሎ ይነሳል። ከኔ አፍ የሰረቁት ይመስል ቃሉ አንድ ነው።

ከድርስ? ያ ጨው የሚልሰው ወፍራም ሰው መቶ ሃያ በሰማንያ ሆነ። "ሞቼ መነሳቴ ጠቀመኝ" አለ። "አኒ ፈያዳ፣ ጤነኛ ነኝ" እያለ ወረቀቱን ለፈረሱ ሳይቀር አሳየው። ቀጭኑ እኔ በቀይ፣ ወፍራሙ እሱ በጥቁር። ስለዚህ በሽታ የማውቀው ነገር ሁሉ በአንድ ጧት ፈረሰ።

በእሱው ጋሪ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ክኒን ሰጡኝ። በየቀኑ ዋጥ፣ ጨው ቀንስ፣ በቀጠሮህ ተመለስ አሉኝ። ይህ ሁሉ ይሁን። መጨረሻ ላይ ሲስተር ያለችኝ ግን መታኝ።

"አባባ፣ ግፊትዎ እስኪወርድ ጥሩምባ እንዳይነፉ።"

"ምን አልሽ?"

"ትንፋሽ አፍኖ በኃይል መንፋት ግፊቱን ይጨምረዋል። ሲወርድ እኔው 'ይንፉ' እልዎታለሁ።"

ጥሩምባ የሌለው ጥሩምባ ነፊ ምንድን ነው? ዘንቢል የያዘ ሽማግሌ ነው። በበሽታው አላዘንኩም፤ አልተሰማኝማ። የተሰማኝ ጥሩምባው ነው።

አላመንኩም። ሰኞ ለዘነበች "ሽንኩርት ልገዛ" ብዬ በሚኒባስ ጎባ ወጣሁ። የሮቤ መለኪያ ቢበላሽስ ብዬ ነው። ጎባ ከእኛ ቀድማ የሠለጠነች ከተማ ናት፤ ቢያንስ የጎባ ሰው እንዲህ ይላል። አንድ ክሊኒክ ገባሁና ስለ ቅዳሜው አንዳች ሳልተነፍስ ክንዴን ሰጠሁ። ወጣቱ ሐኪም ለካኝ፣ ደግሞ ለካኝ፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና "አባቴ፣ ከማን ጋር መጡ?" አለኝ። ሁለት መቶ ስምንት። ሮቤና ጎባ "ዋናው ከተማ ማን ነው?" ከሚለው ጀምሮ በምንም ተስማምተው አያውቁም፤ በእኔ ደም ተስማሙ። ሽንኩርቱንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ክኒኑን መዋጥ ጀመርኩ። ሰፈሩም መጠየቅ ጀመረ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ ተልባ፣ አንዷ ፌጦ፣ አንዱ ሽፈራው፣ አንዱ የሃረና ማር ይዞ መጣ። አንዷ በባዶ ሆድህ ብላው ትላለች፣ ሌላዋ ጠግበህ። አልታመምኩም ብዬ ከምከራከር ብበላው ይቀለኛል ብዬ በላሁት። ከነጭ ሽንኩርቱ ብዛት ከድር ጋሪው ላይ ከፊት ማስቀመጡን ተወ፤ "ፈረሱ ያስነጥሳል" ብሎ ከኋላ አደረገኝ። ሲስተር ስትሰማ፣ "ነጭ ሽንኩርቱ ለወጥ ጥሩ ነው አባባ። የክኒኑ ምትክ ግን እንዳይመስልዎ" አለችኝ።

ወሩ አለቀ፣ ክኒኑም አለቀ። እኔም "ጨረስኩ" አልኩ። የወስፋት መድኃኒት ሲያልቅ ታክሞ መጨረስ አይደል? ይኸንንም እንደዚያው ቆጠርኩት። የቀጠሮውን ወረቀት ዘነበች ከመስተዋቱ ጀርባ ሰክታዋለች፤ እዚያው ይኑር አልኩ። ድሮም አላመመኝ፣ አሁንም አላመመኝ።

በዚህ መሐል ዕድሜ የጠገቡ አንዲት እናት ዐረፉ። ጥሩምባውን ከድር ይንፋ ተባለ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሰማሁ። እናንተዬ፣ ከድር ጥሩምባ የነፋው ፈረስ እንደሚያቆም ሰው ነው። ሁለት ባጃጆች መንገድ ለቀቁለት። ሰዉ የጭነት መኪና መስሎት ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ፣ እኚያ ደግ እናት በጣት በሚቆጠር ሰው ተሸኙ። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጎረምሳ ተነሳና፣ "ለምን ባጃጅ ላይ የድምፅ ማጉያ አናስርም?" አለ። ብዙ እጅ ወጣ። ተፈራ ወደኔ ሳያይ፣ "እስከሚቀጥለው ስብሰባ እንጠብቀው። ሲስተር ከፈቀደችለት ጥሩምባው ይቆያል። ካልፈቀደችለት ማጉያው ይገዛል" አለ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

"ሲስተር፣ ጨርሻለሁ። ፍቀጂልኝ።"

ለካችኝ። መቶ ዘጠና ሁለት።

"ክኒኑ ሲያልቅ ምን አደረጉ?" አለችኝ።

"እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።"

አልሳቀችም። "መጥተው ሌላ መውሰድ ነበረብዎት። ይኸ ተውጦ የሚያልቅ መድኃኒት አይደለም። በየቀኑ ነው፤ ዕድሜ ልክ።"

"ልጄ፣ ቢያመኝ እኮ እውጠዋለሁ። ምንም አይሰማኝም። ሰው የማይሰማውን ነገር እንዴት ብሎ ያምናል?"

መለኪያውን ከክንዴ ፈትታ ቀስ አድርጋ ጠቀለለችው። "አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጥሩምባ ከነፉላቸው ሰዎች ስንቶቹ ናቸው ታመው አልጋ ላይ የቆዩት?"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ስማቸው በአፌ ያለፈ ሰዎች አንድ በአንድ መጡብኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፤ በዋዜማው ስንዴዬን ሲፈጭልኝ ሲቀልድ ነበር። ልብስ ሰፊው፤ "ሱሪህን ነገ ውሰድ" ብሎኝ፣ ሱሪዬን ሳልወስድ ስሙን በየማዕዘኑ ጠራሁ። የሦስት ልጆች እናት፤ ገበያ ላይ ቆማ እየሳቀች ወደቀች የተባለችው። በየቤታቸው ስገባ ሰዉ "ደህና ነበር እኮ፣ ደህና ነበረች እኮ" ሲል ሰምቻለሁ። እኔም "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ብዬ ጥሩምባዬን ይዤ ወጥቻለሁ። ምን እንደገደላቸው አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። የእግዚአብሔርንም ፈቃድ አልመረምርም። ግን ከመካከላቸው ክንዱን ለአንድ ደቂቃ ለአንድ ሰው የዘረጋ ስንቱ ነበር?

"ብዙዎቹ ደህና ነበሩ" አልኳት።

"እርስዎም ደህና ነዎት" አለች፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ያን ቀን እግሬን እየጎተትኩ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ጧት ለዶሮዎቼ ጥሬ እበትናለሁ፤ እነሱ የራሳቸውን ሲለቅሙ እኔም የራሴን ለቅሜ በውኃ አወርዳለሁ። ዘነበች ጨዉን የት እንደደበቀችው እስካሁን አላገኘሁም፤ ጎረቤት ሄጄ እንዳልልስ ለጎረቤቱም ተናግራለች። የቀጠሮ ቀን ሲደርስ ከድር ደጄ ላይ ጋሪውን ያቆምና፣ "ሂሪያ ኮ፣ ወዳጄ፣ ውጣ፤ ቀዮቹን ልሰብስብ" ይለኛል። ባለሱቋን ይጭናል፣ አስተማሪውን ይጭናል፣ መቃብር ቆፋሪውን ይጭናል። ጥሩምባ ነፊና መቃብር ቆፋሪ አንድ ጋሪ ላይ ተቀምጠው በጧት ሲያልፉ ያየ ሰው ያማትባል። ከድር ደግሞ ዝም አይልም፤ "አትፍሩ፣ ለራሳቸው ነው የሚሄዱት" እያለ ያልፋል።

በስብሰባው ዋዜማ ተለካሁ። ሲስተር ለካች፣ ደግማ ለካች። እኔ ደግማ በመለካቷ ተሳቅቄ ሌላኛውን ክንዴን ሳልጠየቅ ዘረጋሁ።

"መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አራት" አለች፣ በዚህ ጊዜ ጮክ ብላ። "አሁን ይንፉ አባባ። ክኒኑን ግን..."

"አውቃለሁ" አልኳት። "አያልቅም።"

እሑድ ማጉያው ቀረ። ተፈራ የማጉያው ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት አጠፈው፣ ያ ጎረምሳ እንኳ አጨበጨበ። ከድር ጥሩምባውን በሁለት እጁ አስረከበኝ፤ "ለእኔስ ዕዳ ነበር" አለ። ወደ ቤቴ ወስጄ በአመድ ፈተግኩት፣ በጨርቅ ወለወልኩት፣ ፊቴን እስካይበት ድረስ። ሰኞ በጧት ደጃፌ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። ማክሰኞም ተቀመጥኩ። እንደ ልጅ ሆኜ ነበር፤ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ነፍቼ ከድርን ማስናቅ አምሮኝ ነበር።

ዘነበች ወጥታ አየችኝ።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"የሚነፋበትን ቀን።"

"ማን እስኪሞት?"

መንገዱን አየሁ። ባለሱቋ ሱቋን ትከፍታለች። አስተማሪው ብርዱን በጋቢ ተከልሎ ደብተሮቹን አቅፎ ያልፋል። መቃብር ቆፋሪው ከልጁ ጋር እየተሟገተ ገብስ ያወርዳል። ከድር ፈረሱን እየተሳደበ ልጓሙን ያስተካክላል፤ ሲያየኝ እጁን አነሳልኝ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ለማንኛቸው ልንፋው?

ገባሁና ጥሩምባውን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ክኒኔን ዋጥኩ።

ይኸው ከተሰቀለ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የሞተ የለምና አቧራ ለብሷል። ዘነበች "ልወልውለው?" ስትለኝ "ተዪው" እላታለሁ። ከንፈሬን ያሳክከኛል። ያሳክከኝ።